አፄ ቴዎድሮስና ጥይት ማፍሰሻው



ባለፈው ዓመት ክረምት ከዕድራችን ነባር አባሎች አንዱ የነበሩ አረጋዊ ዐርፈው፣ በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ልጆቻቸው ከአባታቸው የሥራ ሣጥን አንዲት ጉጠት የምትመስል ብረት አውጥተው አሳዩን። ሟቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብረት ሥራ የኖሩ ሰው ነበሩ። የድንኳናችንን ምሰሶና የአግዳሚ ወንበሮቻችንን እግር ያለ ዋጋ ሲጠግኑልን የኖሩት እሳቸው ናቸው። ከወጣቶቹ አንዱ ብረቷን አይቶ ጥርስ መንቀያ መሰለችው፤ ሌላው የስኳር መስበሪያ መሰለችው። እኛ ተቀብለን አፏን ስንከፍታት በሁለቱም መንጋጋዋ ላይ ግማሽ ግማሽ ክብ ጎድጓዳ አለ፤ ከላይ ደግሞ የቀለጠ እርሳስ የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ አለ። ለካስ ጥይት ማፍሰሻ ናት። በልጅነታችን በአያታችን ቤት እናውቃታለን። ጎድጓዳውን በጣታችን ስንዳስሰው በሞረድ ተፍቆ ከመጀመሪያ መጠኑ እንዲሰፋ ተደርጓል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህች ብረት ከሐሳባችን አልወጣችም። ለዘንድሮው መጽሔታችን ጽሑፍ አምጡ በተባልን ጊዜም የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ለመጻፍ ወሰንን። የንጉሡን ጀግንነት ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ከማቅለጫ እሳት ጋር የነበራቸውን ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማፍሰሻዋ ጥቂት እንበል። በዚያ ዘመን የነበረው ጠመንጃ ባሩዱም ጥይቱም በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ጥይቱ ድቡልቡል እርሳስ ነበረ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሙቀት ስለሚቀልጥ የቤት ምድጃ ይበቃዋል፤ በመሆኑም ወታደሩ ከቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ አቅልጦ ማፍሰስ ይችላል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ጠመንጃው ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ የአንዱ አፍ ጠባብ፣ የሌላው ሰፊ ነው። ጥይቱ ከአፉ ከበለጠ አይገባም፤ ካነሰ ደግሞ የባሩዱ ኃይል በዳር በዳሩ እያመለጠ ጥይቱ ከቅርብ ይወድቃል። ስለዚህ ጠመንጃ የለወጠ ሰው ማፍሰሻውንም ማስተካከል አለበት። በዚህ ላይ አንድ የማይቀር ነገር አለ፤ ማፍሰሻ ተፍቆ ይሰፋል እንጂ ከሰፋ በኋላ ተመልሶ አይጠብም። አንባቢ ይህችን ነገር ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ሲሆን ልጁ ሳያድግ ሞተ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግራ ጎንደር ገብታ ነበር፤ ጠላቶቹም ኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ትምህርቱን በገዳም ጀምሮ ሳለ ገዳሙ በወራሪ ተመትቶ ተማሪዎቹ አለቁ፤ እሱ አመለጠ። ከዚያ ወዲያ ጫካ ገብቶ ሸፈተ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት የሚባል ሰው ቢቀመጥም ሥልጣኑ በመሳፍንቱ እጅ ነበረ፤ ገበሬውም ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ሠራዊት ቀለብ እየሰጠ ይኖር ነበር። ካሣ ከነጋዴና ከባለጸጋ የነጠቀውን ለገበሬ ይሰጥ ነበር እየተባለ ስሙ ገነነ። ራስ ዓሊም በጦር ስላልቻሉት በ1839 ዓ.ም. አካባቢ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። ተዋበች ኋላ ከአባቷ ይልቅ የባሏን ወገን ይዛ የቆመች ታማኝ ሚስት ሆነች።

የሕይወቱን መንገድ የለወጠው ግን ድል ሳይሆን ሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም. ካሣ በሱዳን ወሰን ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ግብፆቹ ምሽግ ይዘው፣ መድፋቸውን ደርድረው ጠበቁት። የካሣ ሰዎች በጀግንነት ገቡ፤ ጀግንነታቸው ግን ከመድፉ አላዳናቸውም። ብዙ ሰው አለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ዕድሌ ነው ብሎ ይተወው ነበር። ካሣ ግን ከዚያ ጦርነት የወጣው አንድ ነገር ልብ ብሎ ነው፤ ወኔ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሥርዓት ያለው ሠራዊትና መድፍ እንደሚያስፈልግ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የመድፍ ነገር ከልቡ አልወጣም።

የሚቀጥሉትን ዓመታት ባጭሩ እንለፋቸው። ኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ ሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፣ የካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረገ። በዚያው ወር በደረስጌ ማርያም አቡነ ሰላማ ቀብተው አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከነገሡም በኋላ ሽፍታው ሽፍትነቱን ትቶ፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ወሎንና ሸዋን አቀኑ፤ የሸዋውን ልጅ ምኒልክን ይዘው ወሰዱ።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ከቅዱስ ክሪስኮና የተላኩ ሚሲዮናውያን በዚያ ሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች ወንጌል ለማስተማር የመጡ ይሁኑ እንጂ የእጅ ሥራም የተማሩ ነበሩ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ይባላሉ። ከእነሱ ጋር ሞሪትዝ ሆል የሚባል የፖላንድ ተወላጅና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጆች አግብተው አገሩን ለምደው ይኖሩ ነበር።

ንጉሡ በመጀመሪያ ያሠሯቸው መንገድና ጋሪ ነበረ፤ የጠመንጃ ጥገናም ነበረ። በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን ሞርታር፣ ማለትም ቦምብ ወደ ላይ የሚወረውር አጭር ሰፊ አፍ መድፍ፣ አቅልጠው እንዲያወጡ ጠየቋቸው። ሰዎቹ ይህን ሥራ እንደማያውቁ ተናገሩ። ዕውነታቸውን ነው፤ አናጢነትና አንጥረኛነት ሌላ፣ መድፍ ማፍሰስ ሌላ ነው። ንጉሡ ግን አላመኗቸውም። ፈረንጅ ሁሉ የሚያውቀውን ጥበብ የደበቁባቸው መሰላቸው። አሽከሮቻቸውን አስረው፣ ሥራው ካልተሞከረ እንደማይፈቷቸው አስታወቁ። ሰዎቹ ምን ያድርጉ? ለመሞከር ተስማሙ።

ይህ ሥራ በየቤቱ ጥይት ከማፍሰስ የቱን ያህል እንደሚለይ እንይ። እርሳስ በምድጃ ይቀልጣል ብለናል። ነሐስ ግን ከ900 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ መዳብ ብቻውን 1,085 ዲግሪ። ይህን ሙቀት የሚችል እቶን መሥራት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ጡቡ ደካማ ከሆነ ነሐሱ ሳይቀልጥ እቶኑ ይቀልጣል ወይም ይሰነጠቃል። ወናፉ ካነሰ ብረቱ እንደ ገንፎ ይወፍርና አይፈስም። ቅርጹም በሁለት መንጋጋ የሚዘጋ ጉጠት አይደለም። በመሬት ተቆፍሮ ከጭቃ ይበጃል፤ የመድፉ ባዶ ሆድ እንዲወጣም በመካከሉ ሌላ የጭቃ ዓምድ ይቆማል። ጭቃው ውስጥ ጥቂት እርጥበት ከቀረ፣ የፈላው ብረት ሲያገኘው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ቅርጹን ይበትነዋል፤ ብረቱም በሠራተኛው ላይ ይረጫል። እርጥበቱ ባይበትነው እንኳ በመድፉ ገላ ውስጥ የአየር ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳው በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው መድፉ በተተኮሰ ጊዜ ነው።

የጋፋት ሰዎች በመጀመሪያው ጊዜ አልሆነላቸውም። አሁንም ሞከሩ፤ አሁንም ከሸፈ። እቶኑን አፍርሰው ሠሩ፤ ቅርጹንም አሻሻሉ። ንጉሡ ሥራው ባለመሳካቱ አልተቆጡም፤ ከሥራው እንዳይሸሹ ብቻ ይጠብቋቸው ነበር። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ሞርታር ደህና ሆና ወጣች። ንጉሡ እንደዚያ ቀን ተደስተው አያውቁም ይባላል። ለሠራተኞቹ የክብር ልብስና በቅሎ ሸለሙ። የአገሩንም ወጣቶች ከእነሱ ዘንድ ሥራ እንዲማሩ አስገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። በዚያን ጊዜ በአገራችን ብረት የሚያቀልጥ ሰው ቀጥቃጭ ይባላል፤ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፤ ልጁን የሚያገባ የለም። የሚያርሰው ማረሻ፣ የሚዋጋበት ጦር ከማን እጅ እንደ ወጣ እያወቀ ሰዉ ይንቀዋል። በዚህ አገር ላይ አንድ ንጉሠ ነገሥት ተነሥተው ማቅለጫ ቦታ ድረስ እየወረዱ፣ ከእቶን ሠሪዎች ጋር ተቀምጠው ስለ ጭቃና ስለ ከሰል ተነጋገሩ። መንገድ ሲሠራም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር፤ ንጉሡ ድንጋይ ይዘው ያየ መኳንንት ደግሞ ቆሞ ሊያይ አይችልም። ይህ ከጦርነታቸው ሁሉ የማይተናነስ ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

ይሁን እንጂ ጥበቡን ያገኙት በሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱም እንደ ማፍሰሻዋ ሆነ፤ እየሰፋ ሄደ እንጂ አልጠበበም። ጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነት ፈለጉ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሡ እንደ ተናቁ ቆጠሩት። በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሩንን አሰሩ። ሚሲዮናውያንም ታሰሩ። ጥር 1858 ዓ.ም. ራሳም የሚባል መልእክተኛ መልስ ይዞ መጣ፤ ለጥቂት ጊዜ በክብር ተቀምጦ እሱም ታሰረ። በዚያው ዓመት ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው የእጅ ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲላክላቸው ጠየቁ። እንግሊዞችም ሠራተኞቹን ከነመሣሪያቸው እስከ ምፅዋ አደረሱ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን ወደ ላይ አናሳልፍም አሉ። ንጉሡ በበኩላቸው ሠራተኞቹን ሳያዩ እስረኛ አልፈታም አሉ። ሁለቱ እንዲህ ተፋጠው ሠራተኞቹ ከምፅዋ ተመለሱ። እኛ ይህን ባነበብን ቁጥር ልባችን ያዝናል። ንጉሡ ሲመኙት የኖሩት ነገር ከባሕር ዳርቻ ደርሶ የተመለሰው በዚያው ባሰሩት ሰንሰለት ምክንያት ነው።

በአገር ውስጥም ነገሩ ተበላሸ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አመለጡ። ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ትግሬ በደጃዝማች ካሣ እጅ ገባ። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። ንጉሡ የሚገዙት አገር እየጠበበ ሲሄድ፣ ከጋፋት የሚጠይቁት መድፍ እየሰፋ ሄደ። ትንሿ ሞርታር አልበቃቻቸውም፤ ከሷ የምትበልጥ፣ ከዚያም የምትበልጥ። በመጨረሻ ክብደቷ 70 ኩንታል ያህል የሆነች ትልቅ ሞርታር ወጣች። በክሪሚያ ጦርነት ስሙ በገነነው በሩሲያው ከተማ ስም ሴባስቶፖል አሏት።

በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ለሴባስቶፖል ብቻ 500 ያህል ሰው ይጎትት ነበር። መንገድ ስለሌለ እየተሠራ ነው የሚሄደው። ገደሉ ይናዳል፣ ድንጋዩ በባሩድ ይፈነዳል፣ የጅጣና የበሽሎ ሸለቆዎች ቁልቁለታቸውና አቀበታቸው ይታለፋል። ለብቸኛ መንገደኛ የጥቂት ቀን መንገድ የሆነው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሡ ግን መንገዱን ጨረሱት፤ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰች። ያንን ገደል ያየ ሰው ዛሬም እንዴት እንደ ሆነ ማመን ይቸግረዋል።

በዚያው ጊዜ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ወደብ ወደ መቅደላ እየተጓዘ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ በታች እሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ጦርነት ሆነ። ከፈላ ኮረብታ ላይ የንጉሡ መድፎች ተተኮሱ። ጥይታቸው በእንግሊዞች ራስ ላይ እያለፈ ወደቀ፤ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ደግሞ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሴባስቶፖል በዚያ ቀን አንድም ነገር አልሠራችም። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ ቁልቁል ወርዶ ተዋጋ፤ በዚያው ወደቀ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፤ ከእንግሊዞች ወገን የሞቱት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ስናይደር የሚባል ጠመንጃ ነበረ። ይህ ጠመንጃ በአፈሙዙ ሳይሆን ከበስተኋላው ይጎርሳል፤ የእኛ ሰው አንድ ጊዜ አጉርሶ እስኪተኩስ እሱ ደጋግሞ ይተኩሳል። ጥይቱም ድቡልቡል መሆኑ ቀርቶ ሾጣጣ ሆኗል፤ ባሩዱ ሲነሣ የጥይቱ ቂጥ ሰፍቶ በአፈሙዙ ውስጥ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። እንግዲህ አስቡት። በደባርቂ ጊዜ የነበረውን ትምህርት ይዘው ንጉሡ ማፍሰሻውን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያሰፉ፣ በሌላው ዓለም የማፍሰሻው ቅርጽ ራሱ ተለውጦ ነበር። ስሕተቱ የንጉሡ ስንፍና አይደለም። ብቻቸውን ነበሩ። ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ፣ አብሮ የሚያስብ ሰው አልነበራቸውም። ካሰሯቸው ጥቂት የእጅ ባለሙያዎች በቀር የሚጠይቁት አልነበረም። የታሰረ ሰው ደግሞ የታዘዘውን ይሠራል እንጂ ከታዘዘው የተሻለ ነገር ይዞ አይመጣም።

ንጉሡ ከዚያ በኋላ እስረኞቹን ለቀቁ፤ የጋፋት ሰዎችም ተለይተዋቸው ሄዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ እንግሊዞች መቅደላን ሲሰብሩ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጡም። ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ሽጉጡ ቀደም ሲል ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበረ።

እኛ የዕድር ሰዎች ነንና ስለ ቀብራቸው ሳንናገር አናልፍም። በዚያች ቀን ከጦራቸው አብዛኛው ተበትኖ ነበር። የጠላት ወታደሮች ሬሳቸውን ከበው ልብሳቸውን ቀደዱ፤ ጠጉራቸውንም ለማስታወሻ እየቆረጡ ወሰዱ። በማግስቱ በመቅደላ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ካህናት ባሉበት ተቀበሩ። አንድ ጊዜ አገሩን ሁሉ ያንቀጠቀጡ ንጉሥ ያለ እንባ፣ ያለ ሙሾ፣ ያለ ሰልፍ ሄዱ። ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞች ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ሞቱ። ልጃቸው ዓለማየሁ በባዕድ አገር አድጎ ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሞተ፤ በዊንድዘር ተቀበረ። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ጠጉር በለንደን ሙዚየም ተቀምጦ ኖሮ መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የአንድ ሰው ቀብር 150 ዓመት ፈጀ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሴባስቶፖል ግን እዚያው መቅደላ ቀረች፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን አምሳያዋን ነው።

አሁን ወደ ጀመርንበት እንመለስና ጽሑፋችንን እንዝጋ። ያ ማፍሰሻ የሟቹ አባት መሣሪያ ነበረ። እሳቸውም ቀጥቃጭ ነበሩ። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜ አርበኞች ከየቦታው የሰበሰቡትን አሮጌ ጠመንጃ ይዘው ሌሊት እቤታቸው ይመጡ እንደ ነበረና አባታቸው ማፍሰሻውን በየጠመንጃው አፍ ልክ እየፋቁ ሲያስተካክሉ ያድሩ እንደ ነበረ ልጆቹ ከአባታቸው የሰሙትን አጫወቱን። ማንም አላሰራቸውም፤ ማንም አልሸለማቸውም።

እኛም የምንናዘዘው አለን። ሟቹ ከብዙ ዓመት በፊት ዕድራችን ልግባ ባሉ ጊዜ ከአባሎች መካከል በሥራቸው ምክንያት ያጉረመረሙ ነበሩ። ፊት ለፊት ደፍሮ የተናገረ የለም፤ ማመልከቻቸው ግን ሁለት ስብሰባ ሙሉ ሳይነሣ አለፈ። መዝገቡ በእኛ እጅ ነበረ። ማመልከቻውን ከላይ ማስቀመጥ ስንችል ከታች አስቀመጥነው፤ ሰዉ ምን ይለን ብለን ነው። በሦስተኛው ስብሰባ ገቡ፤ ገብተውም ወንበራችንን ሲጠግኑልን ኖሩ። ይህን አንድም ቀን አንሥተውብን አያውቁም፤ ያውቁ እንደ ነበረ ግን እኛ እናውቃለን።

አፄ ቴዎድሮስ ባለ እጅን አከበሩ፤ ግን አስረው አሠሩ። እኛ ደግሞ አላሰርንም፤ ግን ናቅን። ሁለቱም አገርን አላቆመም። ልጆቻችን ከሁለቱም እንዲርቁ፣ ብረት የሚያቀልጠውንም ሸማ የሚሠራውንም ሸክላ የምትሠራውንም በነፃነትና በክብር ይዘው እንዲኖሩ አደራ እንላለን። ማፍሰሻ ከሰፋ አይጠብም፤ ሰው ግን ከብረት ይሻላል፤ ሊታረም ይችላል።

ለንጉሠ ነገሥቱም፣ ለወንድማችንም፣ በዓመቱ ውስጥ ለተለዩን አባሎቻችን ሁሉ ነፍስ ይማር።